ቴብሉ ሲቀየር የድሮው ሥዕል የት ይቀራል?

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ በኮምፒውተር ሙያ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም ላይ የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ቡና ያልደረሳችሁ አይዟችሁ፣ ሁለተኛው እየመጣ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትሠሩ ከርማችሁ ቅዳሜያችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርዕስ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ቴብል፣ ማለትም መረጃ በረድፍና በኮለም (በዓምድ) የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ፣ ሲቀየር ፕሮግራሞች ለምን እንደሚወድቁ ነው። የመረጠችልኝ አንዲት እህታችን ናት። ሥራ ከጀመረች 3 ወሯ ነበር። አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ትናንት ማታ አንድ ቴብል ላይ ኮለም ተጨመረ። ዛሬ የእኔ ፕሮግራም ወደቀ። እኔ ምንም አልነካሁም። ምን ላድርግ?" አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ ምንም አልነካሁም! ይህችን ቃል ተናግሮ የማያውቅ ፕሮግራመር እዚህ አለ? እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም የለም። ልጅቷ እውነቷን ነበር። አልነካችም። ፕሮግራሟ የወደቀው ደግሞ መነካት የነበረበት አንድ ነገር ሳይነካ ስለቀረ ነው።

ለአዲሶቹ ሁለት ቃል ልበልና ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። አይቢኤም ሲስተም 360 የተባለውን ሜይንፍሬም፣ ማለትም ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበትን ትልቅ ኮምፒውተር፣ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኮቦል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከዚያም ይቀድማል፤ ሥራው የተጀመረው በ1959 ነው። ዲቢ ቱ የተባለው ዳታቤዝ በ1983 መጣ። "ይሄ ሁሉ አርጅቶ የለም እንዴ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚህ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቀው፣ ዉድሎን ያለው የሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የአሜሪካ የጡረታ ተቋም፣ ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም ኮቦል አለው። ትልልቅ ባንኮች አላቸው፤ ኢንሹራንሶች አላቸው። የእናታችሁ ጡረታ፣ የእናንተ የባንክ ሂሳብ፣ ከእነዚህ ማሽኖች በአንዱ ላይ ሳያልፍ አይቀርም። ስለዚህ ፕሮግራም ወደቀ ስንል ጉዳዩ የሰው ጉዳይ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት እየቆረጥኩ፣ የኮቦል መጽሐፍ ጭኔ ላይ አድርጌ። ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጽፉ ፕሮግራሞች የፈረንጆቹ 2000 ሲገባ እንዳይሳሳቱ መታረም ስለነበረባቸው ኮቦል የሚያውቅ ሰው በችቦ ይፈለግ ነበር። ያኔ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ነበሩ። ፕሮግራም ሲወድቅ ኮዱን ከመክፈታቸው በፊት ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ "ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ ያለ ነገር ምንድን ነው?" የእኛም አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አንድ ናቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይሄ ነው። ኮቦል ውስጥ የአንድን መረጃ ቅርጽ የምንጽፍበት ቃል ምንድን ነው? "ፒክ"። ፒክቸር ነው፤ ሥዕል ማለት ነው። በጣም የምወደው ቃል ነው፤ ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ቴብሉ ያለው አንድ ቦታ ነው። የቴብሉ ሥዕል ግን ስንት ቦታ ነው ያለው? ዲቢ ቱ ስለ ቴብሎቹ ሁሉ መረጃ በሚይዝበት ካታሎግ ውስጥ አለ። ዲሲኤልጀን የተባለው መሣሪያ ባወጣው ኮፒቡክ፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የኮድ ቁራጭ፣ ውስጥ አለ። ኮዱ ኮምፓይል ተደርጎ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በሚወጣው ሎድ ሞጁል ውስጥ አለ። ዲቢ ቱ የፕሮግራሙን የዳታቤዝ ትእዛዞች አዘጋጅቶ በሚያስቀምጥበት ፓኬጅ ውስጥ አለ። ከቴብሉ ተገልብጦ በወጣ ፋይል ውስጥ አለ። ያንን ፋይል በሚያነብ በሌላ ቡድን ፕሮግራም ውስጥ አለ። ቴብሉን ስትቀይሩ አንዱን ሥዕል ቀየራችሁ። ሌሎቹስ? ሌሎቹን ማን ቀየረ? ፕሮግራም የሚወድቀው አዲስ ሥዕልና አሮጌ ሥዕል የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት ልውሰዳችሁ።

ኦን ኮል ነበርኩ፤ ሌሊት ችግር ሲነሳ የሚደወልለት ተረኛ ማለት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 2 ሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። የወሩ ሂሳብ የሚያወጣው ጆብ ወድቋል። የስህተት ኮዱ ኤስ ዜሮ ሲ ሰባት። ሥራ ቤት "ሶክ ሰቨን" የምንለው ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ማሽኑ ቁጥር ነው ተብሎ የተሰጠው ነገር ቁጥር ሆኖ አላገኘውም።

ምን ተቀየረ ብዬ ጠየቅሁ። "የደንበኞች ቴብል ላይ 4 ፊደል የሚይዝ ኮለም ተጨምሯል፤ ግን ይሄ ፕሮግራም ዲቢ ቱን አይነካም፤ ፋይል ብቻ ነው የሚያነበው" አሉኝ። ሁሉም እርግጠኛ ነበሩ። እውነትም ነበር፤ ፕሮግራሙ ውስጥ አንድም ኤስኪውኤል፣ ማለትም የዳታቤዝ ትእዛዝ፣ የለም።

ደምፑን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረውን የሜሞሪ ቅጂ፣ ከፈትኩ። ደምፕ አትፍሩ፣ እባካችሁ! ሺህ መስመር ቢሆንም መጀመሪያ የምትፈልጉት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ኦፍሴት (ከፕሮግራሙ መነሻ ምን ያህል ርቆ)፣ በምን ዓይነት ስህተት። ኦፍሴቱን ይዛችሁ ወደ ኮምፓይል ሊስቲንጉ፣ ኮዱ መስመር በመስመር ወደ ተዘረዘረበት ጽሑፍ፣ ሂዱ። መስመሩን ይነግራችኋል። መስመሩ ላይ ያሉትን ፊልዶች፣ ማለትም ነጠላ መረጃዎች፣ ደግሞ ደምፑ ውስጥ ፈልጉ። እኔ ያገኘሁት መስመር የወር ክፍያውን በድምሩ ላይ የሚደምር ተራ መስመር ነበር።

አሁን ቀረብ ብለን እንየው። ሜይንፍሬም ላይ ገንዘብ በብዛት የሚቀመጠው ፓክድ በሚባለው አጻጻፍ ነው። በአንድ ባይት ሁለት አኃዝ ይገባል። የመጨረሻዋ ግማሽ ባይት ግን ምልክት ናት። ሲ ከሆነች ፖዘቲቭ፣ ዲ ከሆነች ኔጌቲቭ፣ ኤፍ ከሆነች ምልክት የሌለው። 1,250 ዶላር ከ75 ሳንቲም በ5 ባይት ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ 00 01 25 07 5ሲ። እኔ ደምፑ ላይ ያየሁት ግን ይሄን ነው፦ 40 40 40 40 00።

40 ምንድን ነው? በሜይንፍሬም ፊደል ባዶ ቦታ ነው፤ ስፔስ። አራት ስፔስ፣ ከዚያ አንድ ዜሮ ባይት። መጨረሻ ላይ ምልክት የለም። ቁጥር አይደለም። ግን እነዚያን አራት ባዶ ቦታዎች ተመልከቷቸው። ስንት ናቸው? አራት። አዲሱ ኮለም ስንት ፊደል ይይዛል? አራት! ያኔ ጉልበቴ ላላ። ጥፋቱ የት እንዳለ ያወቅኩት ኮዱን ሳላነብ ነው።

የሆነው ይሄ ነው። ከቴብሉ ፋይል የሚያወጣው ቡድን አዲሱን ፊልድ ሬከርዱ፣ የአንድ ደንበኛ መረጃ የተጻፈበት መስመር፣ መሐል፣ 121ኛው ቦታ ላይ አስገባው። የሬከርዱ ርዝመት 200 ባይት ሆኖ እንዲቀጥል ከመጨረሻው ፊለር፣ ማለትም ለወደፊት ከተተወው ባዶ ቦታ፣ ላይ 4 ባይት ቀነሰ። በደግነት ነው ያደረጉት፤ ሌላውን ላለመረበሽ። የራሳቸውን ኮፒቡክ አስተካከሉ፤ ኮፒቡኩን የሚጠቀሙትን ሁሉ እንደገና ኮምፓይል አደረጉ። የሂሳብ ፕሮግራሙ ግን ኮፒቡኩን አይጠቀምም ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ሥዕሉን በእጁ ገልብጦ ፕሮግራሙ ውስጥ ጽፎታል። ለእሱ ክፍያው አሁንም 121ኛው ላይ ነው። 121 ላይ ደግሞ ማንም ገና ያልሞላው ባዶ ኮለም ተቀምጧል። ርዝመቱ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ሲከፈት ፕሮግራሙ ስቴተስ 39 ብሎ ወዲያው ይቆም ነበር፤ በአንድ ደቂቃ እናውቅ ነበር። ያ የ4 ባይት ደግነት ማስጠንቀቂያውን አጠፋው።

በዚያ ሌሊት አንድ ሐሳብ ቀረበ። "ቁጥር ካልሆነ ዜሮ አድርገውና ይለፍ፤ ጠዋት እናየዋለን።" ሁለት መስመር ኮድ ነው። ጆቡ ያልፋል፤ ሁላችንም እንተኛለን። ወገኖቼ፣ ያንን ብናደርግ ጠዋት ምን ይሆን ነበር? ለደንበኛው ሁሉ ዜሮ ክፍያ የሚል ሂሳብ ይወጣ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይሄ ነው። ሶክ ሰቨን በዚያ ሌሊት ወዳጃችን ነበር። አቁሞ ጠበቀን። ሬከርዱን በድሮው ቅርጽ አስወጣን፤ አዲሱን ፊልድ ከክፍያው በኋላ፣ ፊለሩ ውስጥ አስቀመጥነው፤ አዲሱን ኮፒቡክ የሚጠቀሙትን እንደገና ኮምፓይል አደረግን፤ ጆቡን ከመነሻው አስጀመርነው። ሲነጋጋ አለቀ።

ሁለተኛው ነጥብ። የእህታችን ፕሮግራም የወደቀው በሌላ በሽታ ነው። ማይነስ 805 የተባለ የዲቢ ቱ ስህተት ነው። ይህንን ቁጥር የምታውቁ ፈገግ ስትሉ ይታየኛል። ከክፍለ አገር በአውቶቡስ ዕቃ ስትልኩ ቁጥር ይሰጣችኋል አይደል? አንዱ ቁራጭ ጆንያው ላይ ይለጠፋል፤ አንዱ እጃችሁ ላይ ይቀራል። መናኸሪያ ስትደርሱ ሁለቱ ካልገጠሙ ዕቃው አይሰጣችሁም። ፕሮግራማችሁ ፕሪኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ኤስኪውኤሉ ከኮቦሉ ሲለይ፣ እንደዚሁ ነው። አንድ የመለያ ቁጥር ይወጣና አንዱ ወደ ሎድ ሞጁሉ፣ አንዱ የተለየውን ኤስኪውኤል በያዘው በዲቢአርኤሙ በኩል ወደ ፓኬጁ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ዲቢ ቱ ሁለቱን ያገናኛል። የሚገጥም ፓኬጅ ካጣ 805 ይላል።

ይሄ ከቴብል ለውጥ ጋር ምን አገናኘው? ቴብሉ ሲቀየር ፕሮግራሙ እንደገና ኮምፓይል ይደረጋል። በጥድፊያ ውስጥ ሎድ ሞጁሉ ወደ ፕሮዳክሽን፣ እውነተኛው ሥራ ወደሚሠራበት፣ ይወጣል፤ ባይንዱ፣ ማለትም ፓኬጁን መሥራቱ፣ ይረሳል። ወይም ባይንዱ ይደረግና ሎድ ሞጁሉ የተሳሳተ ላይብረሪ ውስጥ ይገባል። የእህታችን ቡድን ማታ ከኮለሙ ጋር አብሮ የእሷንም ፕሮግራም ኮምፓይል አድርጎት ነበር፤ አልነገሯትም። አንድ ምልክት ልስጣችሁ፤ በጆብ የሚሮጠው ባች ይሠራል፣ ሰው በስክሪን የሚጠቀምበት ኦንላይን ግን ይወድቃል? እንግዲያው ኦንላይኑን የሚያስሮጠው ሲአይሲኤስ የድሮውን ሞጁል አሁንም በሜሞሪው ይዞታል። ኒውኮፒ አድርጉ። ስንቴ አይቻለሁ! ሰው ሦስት ሰዓት ኮድ ሲያነብ ይቆያል፤ መድኃኒቱ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

ማይነስ 305ም አለ። አዲስ ኮለም ሲጨመር የድሮዎቹ ረድፎች በዚያ ኮለም ላይ ምን ይይዛሉ? ኖት ኖል (ያለ ዋጋ አይሁን) ተብሎ ዲፎልት (መነሻ ዋጋ) ካልተሰጠው ኖል፣ ማለትም ዋጋ አልባነትን፣ ይይዛሉ። ኖል ዜሮ አይደለም፤ ስፔስም አይደለም። ፕሮግራማችሁ ኖል መሆኑን የሚያመለክት ኢንዲኬተር ከሌለው ኖሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል፤ 305 ብሎ ይመለሳል። ቴስት ላይ የማይታየው ለምንድን ነው? ቴስት ላይ ያሉትን ረድፎች እኛው ስለሞላናቸው ነው። ሁሉም ኮለም ሙሉ ነው፤ ሁሉም ስም አጭር ነው፤ ሁሉም ብር ትንሽ ነው። እባካችሁ፣ ቴስት ስታደርጉ ባዶውን አስገቡ፤ ረጅሙን አስገቡ፤ ትልቁን ቁጥር አስገቡ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ቴብሉ ድሮፕ ተደርጎ፣ ማለትም ተሰርዞ፣ እንደገና ከተሠራ ፈቃዶቹ አብረው ይጠፋሉ፤ ማይነስ 551 ታያላችሁ። በላዩ የነበሩት ቪውዎችም (የቴብሉ እይታዎች) ይጠፋሉ፤ ማይነስ 204። ማይነስ 904 ካያችሁ ኮዳችሁን ዝጉና ምክንያቱን የሚናገረውን ሪዝን ኮድ አንብቡ፤ ምናልባት ቴብሉ የሚቀመጥበት ቴብል ስፔስ ሪኦርግ (እንደገና መደራጀት) እየጠበቀ ነው። የዲስፕሌይ ዳታቤዝ ትእዛዝን ሪስትሪክት ብላችሁ ብትሰጡ ይነግራችኋል። ኮለም ሳትዘረዝሩ የምትጽፉትን ኢንሰርት፣ ረድፍ የሚጨምረውን ትእዛዝ፣ ደግሞ ተዉት። ኮለም በተጨመረ ማግስት ምንም አይሆንም፤ የድሮው ፓኬጅ የድሮዎቹን ኮለሞች ብቻ ያውቃል። ከወራት በኋላ አንድ ሰው በሌላ ምክንያት እንደገና ባይንድ ሲያደርገው የዋጋዎቹና የኮለሞቹ ብዛት አልገጠመም የሚለው ማይነስ 117 ይመጣል። ያን ቀን "ምን ተቀየረ?" ብትሉ ማን ያስታውሳል?

አሁን ሌሊት እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ስለሚወድቁ ፕሮግራሞች ነው። የሚወድቅ ፕሮግራም ይጮኻል፤ ሰው ይነሳል፤ ይጠገናል። የማይወድቀውስ?

ከዓመታት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ጠሩኝ። "ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ ይሉኛል፤ እስቲ ይቺን እያት" ብለው የኢንሹራንስ ካርዳቸውን ሰጡኝ። መድኃኒት ቤት ሄደው ካርዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያቸው ጋር አልገጥም ብሎ መልሰዋቸዋል። ሁለት ጊዜ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ካርዱን ሳየው የምሠራበት ድርጅት ካርድ ነው። ስማቸው ረጅም ነው፤ የአባታቸው ስም "ወልደ" ብሎ ጀምሮ ይቀጥላል። ካርዱ ላይ ግን "ወልደ" ብሎ አበቃ። ወልደ ማን? የማን ልጅ? ፊደሎቹን በጣቴ ቆጠርኳቸው። በእንግሊዝኛው ፊደል፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ፣ ልክ 20።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ ምን እንደሆነ ገባኝ። ከ8 ወር በፊት የስም ኮለሙን ከ20 ወደ 35 ያሳደግነው እኛ ነበርን። ያሳደግነውም ስማቸው ረጅም ለሆነ ሰዎች ብለን ነው! ኦንላይኑን አስተካከልን። ካርድ የሚያትመው ፕሮግራም ግን ተረሳ፤ እሱ ዘንድ ሥዕሉ አሁንም 20 ነው። ዲቢ ቱ 35ቱን ወደ 20 ሲያስገባ ትርፉን ይቆርጠዋል። ኤስኪውኤል ኮዱ ዜሮ ነው፤ ማለትም ሰላም ነው። አንዲት ምልክት ብቻ ያስቀምጣል፤ ኤስኪውኤል ዋርን 1 ላይ አንዲት "ደብልዩ"። በየሌሊቱ፣ ለእያንዳንዱ ለተቆረጠ ስም፣ ያቺን ደብልዩ አስቀምጧል። እኛ አላየናትም። ፕሮግራማችን የሚያየው ኮዱ ዜሮ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ገብቼ ሥራዬን ሁሉ ትቼ እሱን ፈለግሁ። ማስተካከያው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እኚህ እናት ግን ያለ መድኃኒት የቆዩት ለብዙ ቀናት ነው። መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄንን ነው።

ስለዚህ ልለምናችሁ። ቴብል ከመቀየሩ በፊት፣ እደግመዋለሁ፣ ከመቀየሩ በፊት፣ ሁለት ፍለጋ አድርጉ። አንደኛ፣ ሲስፓክዴፕ የሚባለውን የካታሎግ ቴብል ጠይቁ። ቴብላችሁን የሚጠቀሙትን ፓኬጆች ስም በስም ያወጣላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። አታቁሙ! ያ የሂሳብ ፕሮግራም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ሁለተኛ፣ ከቴብሉ የሚወጡትን ፋይሎች ተከተሉ። ጆቦቹ የሚታዘዙበትን ጄሲኤል ክፈቱ፤ ማን ይጽፈዋል፣ ማን ያነበዋል፣ ከዚያ ወዴት ይሄዳል በሉ። ኮፒቡኩን በስሙ ብቻ አትፈልጉ፤ በእጅ የተገለበጠ ሥዕል ሌላ ስም ነው ያለው። የሚያነቡትን ፕሮግራሞች ባለቤቶች ደውሉላቸው። ኢሜይል አይበቃም። ስልክ አንሱ።

ከእያንዳንዱ ኤስኪውኤል በኋላ ደግሞ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ዋርኒንጉንም እዩ። ጥቂት መስመሮች ናቸው።

ልጆች ሆይ፣ ሌሊት ብቻችሁን ስትቀሩ አትደንግጡ። ጆቡን ወዲያው ሪስታርት አታድርጉ፤ እስከ የት ድረስ ኮሚት እንዳደረገ (ለውጡን እንዳጸደቀ) ሳታውቁ ብታስነሱት አንድን ክፍያ ሁለቴ ልትቆርጡ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ደምፑን አስቀምጡ። ከዚያ ደውሉ። እኔን ደውሉልኝ፤ ከሌሊቱ በስንትም ሰዓት ቢሆን አነሳለሁ። ያቺ እህታችን ደውላልኝ በ20 ደቂቃ ፓኬጇን ባይንድ አስደርገን ጨርሰናል። እዚያ ጋ ተቀምጣለች። አሁን እሷ ራሷ ሁለት አዲስ ልጆች ታስተምራለች።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ አዘጋጆቹ እያዩኝ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ፣ በዚሁ ሰዓት፣ ስምና ቁጥሩ የተቀየረ አንድ ደምፕ ከነሊስቲንጉ አትሜ አመጣለሁ። 30 ቅጂ። ጠረጴዛዎቹን ገጥመን አብረን እናነበዋለን። እርሳስና ማስመሪያ ይዛችሁ ኑ።